የታጨቁ ዳታ ሴንተሮችን በትንሽ ኃይል ማቀዝቀዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ራክ ስንት ኪሎዋት ሲደርስ ነው «የታጨቀ» የሚባለው?

ራክ ማለት ሰርቨሮች የሚደረደሩበት ቁም ሣጥን ነው፤ በዚያ ቦታ ብዙ ኃይል የሚወስድ ከሆነ የታጨቀ ይባላል። ቁርጥ ያለ ድንበር የለውም። ለብዙ ዓመታት አንድ ራክ ከ5 እስከ 10 ኪሎዋት ይወስዳል ተብሎ ነበር የሚታቀደው። ዛሬም አብዛኛው ተራ የሰርቨር ክፍል ከዚህ ብዙ አልራቀም። 20 ኪሎዋት ሲታለፍ ግን ጨዋታው ይቀየራል። ክፍሉን በደፈናው ማቀዝቀዝ አያዋጣም፤ እያንዳንዱን ራክ ለብቻው ማየት ግድ ይላል። 50 ኪሎዋት አካባቢ ሲደረስ ደግሞ «ፈሳሽ ማቀዝቀዣ እናስገባ ወይስ ይቅር» የሚለው ክርክር ያበቃና «የትኛውን እናስገባ» የሚለው ይተካል።

ነገሩን ያፋጠነው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በ2020 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የኤንቪዲያ ኤ100 ቺፕ እስከ 400 ዋት ይወስድ ነበር። ተከታዩ ኤች100 ወደ 700 ዋት ወጣ። ከዚያ የመጣው ቢ200 1000 ዋት ደረሰ። 72 ጂፒዩ (እነዚህን የመሰሉ ቺፖች) በአንድ ላይ የያዘው ጂቢ200 ኤንቪኤል72 የተባለው ራክ ብቻውን ወደ 120 ኪሎዋት ይፈልጋል። ድሮ ይህን ያህል ኃይል የሚወስደው አንድ ሙሉ ረድፍ ነበር።

ሰርቨሩ ከሚወስደው መብራት ምን ያህሉ ሙቀት ይሆናል?

ሁሉም ማለት ይቻላል። ቺፑ ስሌት ይሠራል እንጂ ኃይሉን የትም አያስቀምጠውም። 100 ኪሎዋት የገባበት ራክ 100 ኪሎዋት ሙቀት ያስወጣል፤ ያውም ሌት ተቀን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከተያዘ የቀረው ሁሉ ይቀላል። የማቀዝቀዝ ሥራ ብርድ ማምረት አይደለም። ሙቀትን ከቺፑ አንስቶ ከሕንፃው ውጭ መጣል ነው። ሙቀት ደግሞ ማንም ሳይገፋው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፤ ውሃ ቁልቁል እንደሚወርደው። ቺፑ ሥራ ላይ 70 እና 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ውጭ ያለው አየር በሞቃት ቀን 35 ቢሆን ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ አለ።

ታዲያ ኮምፕረሰር ለምን አስፈለገ? ቁልቁለቱን በየመንገዱ ስለምናባክነው ነው። ሙቀቱ ከቺፕ ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ውጭ አየር ሲሸጋገር እያንዳንዱ መሸጋገሪያ ጥቂት ዲግሪ ይበላል። ቀዝቃዛውና ትኩሱ አየር ክፍሉ ውስጥ ሲቀላቀሉ ደግሞ ዲግሪው ያለ አንዳች ጥቅም ይጠፋል። ያ ሁሉ ሲያልቅ ሙቀቱን ሽቅብ የሚገፋ ማሽን ይገዛል። የመብራት ሂሳቡን የሚያንረውም እሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ማለት ይቻላል ይህን ቁልቁለት ስለመቆጠብ ናቸው።

አየር ብቻውን ለምን አይችለውም?

ስስ ስለሆነ። እኩል መጠን ያለው ውሃ ከአየር ወደ 3500 እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ይሸከማል።

በቁጥር እንየው። 100 ኪሎዋት የሚወስድ ራክ አለ እንበል፤ አየሩ ገብቶ እስኪወጣ በ12 ዲግሪ ይሞቃል። ሙቀቱን ለማውጣት በየሰከንዱ 7 ሜትር ኩብ ያህል አየር በዚያ ራክ ውስጥ ማለፍ አለበት። ከዚያ ራክ ኋላ መቆም አይመከርም። ያንኑ ሙቀት 10 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ ለማውጣት ግን በየሰከንዱ 2.4 ሊትር ይበቃል። ይህን ተራ ቧንቧ ይችለዋል።

ሌላው ጉዳይ ፋኑ ነው። ፋን የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ራኩ በታጨቀ ቁጥር ፋኖቹ ይጮኻሉ፣ መብራቱንም ይበሉታል። ሕጉ ግን በተቃራኒውም ይሠራል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የፋኑን ፍጥነት በ20 በመቶ ቢቀንሱት ፍጆታው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ፋኖቹ ፍጥነታቸው የሚስተካከል ከሆነ፣ ሁለት ማቀዝቀዣ በሙሉ ኃይል ከማሠራት መጠባበቂያ ተብሎ የጠፋውን ሦስተኛ አብርቶ ሦስቱንም ዝግ ማድረግ ያዋጣል። ተጨማሪ ማሽን አብርቶ መብራት መቆጠብ ይቻላል ሲባል የሚስቅ አለ። ሂሳቡ ግን ይህን ነው የሚለው።

ፈሳሽ ውስጥ ሳልገባ አሁን ባለኝ ክፍል ምን ላሻሽል?

ብዙ አለ። ርካሹ ሥራም እዚህ ነው ያለው።

መጀመሪያ አደራደሩን ይዩ። የራኮቹ ፊት ለፊት፣ ጀርባቸው ለጀርባ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ አየር በአንዱ መተላለፊያ ገብቶ ትኩሱ በሌላው ይወጣል። ይህ አደራደር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተስፋፋ፤ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው የአይቢኤም መሐንዲስ የነበረው ሮበርት ሰሊቫን ነው። ሁሉም ራኮች ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩበት ክፍል ዛሬም አይጠፋም። እዚያ ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያው የተነፈሰውን ትኩስ አየር ይስባል፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን።

አደራደሩ ትክክል ሆኖም አየሩ በራኩ አናትና በጎን እየዞረ ይቀላቀላል። መድኃኒቱ አንዱን መተላለፊያ በጣሪያና በበር መዝጋት ነው። ትኩሱን መዝጋት ይሻላል ወይስ ቀዝቃዛውን? ሁለቱም መቀላቀልን ያስቆማሉ። ለአዲስ ሕንፃ ትኩሱን መዝጋት ይመረጣል፤ የቀረው ክፍል ለሠራተኛም ምቹ ስለሚሆን። በነባር ሕንፃ ከፍ ባለ ወለል ሥር አየር የሚነፍስ ከሆነ ቀዝቃዛውን መዝጋት ይቀላል። ከመዝጋትዎ በፊት ግን የእሳት አደጋ መከላከያውን ያስታውሱ፤ አዲሱ ጣሪያ የጭስ ጠቋሚውንና የማጥፊያውን መንገድ እንዳይጋርድ።

ከዚያ ቀዳዳ ፍለጋ ነው። ሰርቨር የሌለበት ክፍት የራክ ቦታ ሁሉ በመሸፈኛ ሳህን ይዘጋ። ኬብል የሚያልፍባቸው የወለል ቀዳዳዎች በብሩሽ ወይም በስፖንጅ ይደፈኑ። ቀዳዳ ያላቸው የወለል ንጣፎች ትኩሱ መተላለፊያ ውስጥ ካሉ ዛሬውኑ ይነሱ። እነዚህ ሥራዎች አሰልቺ ናቸው፤ ማንም ለነሱ ሪባን አይቆርጥም። ግን ሺህ የሚያወጣ ማሽን ከመግዛት የሚቀድሙ ናቸው።

አንድ የተሸሸገ ሌባም አለ። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ማቀዝቀዣ ሲኖርና እያንዳንዱ በራሱ ሴንሰር ሲሠራ፣ አንዱ አየሩን ያደርቃል፣ ጎረቤቱ ያንኑ አየር ያረጥባል። ሁለቱም መብራት እየበሉ እርስ በርስ ይጣላሉ። ከአንድ መቆጣጠሪያ ጋር ያገናኟቸው፤ ወይም ቢያንስ የእርጥበት ገደባቸውን አስፍተው አንድ ዓይነት ያድርጉት።

ክፍሉን ስንት ዲግሪ ላይ ላድርገው?

«ክፍሉን» የሚለው ራሱ ትንሽ ያሳስታል። የሚለካው ሰርቨሩ የሚስበው አየር ነው፤ ማለትም በራኩ ፊት፣ ከታች፣ ከመሃልና ከላይ። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ብዙ የተለመዱ ሰርቨሮች ለአጭር ጊዜ እስከ 35 የሚፈቀድላቸው ምድብ ውስጥ ናቸው።

በ18 ዲግሪ ገብተው ጃኬት የሚያስለብሱ ክፍሎች አሁንም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ልማድ ነው። ዲግሪው ከፍ ሲል ቺለሩ (በኮምፕረሰር ውሃ የሚያቀዘቅዘው ማሽን) ይቀልለዋል፤ ከቤት ውጭ ባለው አየር ብቻ ማቀዝቀዝ የሚቻልባቸው ሰዓቶችም ይበዛሉ። በአንድ ጊዜ ግን አይዝለሉ። አንድ ዲግሪ ጨምረው ጥቂት ቀን ይጠብቁ፣ የሰርቨር ፋኖችን ፍጆታ ይዩ። ብዙ ሰርቨሮች 25 ወይም 27 አካባቢ ፋናቸውን ማፍጠን ይጀምራሉ። በቺለሩ ያዳኑትን ፋኑ መልሶ ሲበላው ካዩ እዚያው ያቁሙ።

ለታጨቁ ራኮች ግን ማስጠንቀቂያ አለ። አሽሬ በ2021 እትሙ በአየር ለሚቀዘቅዙ በጣም የታጨቁ ሰርቨሮች ኤች1 የሚባል የተለየ ምድብ አውጥቷል። የሚመከረው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ብቻ ነው። በአየር ማቀዝቀዝን አልለቅም ያለ ሰው በዲግሪ ይከፍላል ማለት ነው። ለእኔ ወደ ፈሳሽ ለመሄድ ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለም።

ፈሳሽ ማቀዝቀዣ ሲባል የትኛው ነው?

ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው የኋላ በር ነው። የራኩ የኋላ በር ተነሥቶ ውሃ የሚዞርበት ራዲያተር ይገጠማል። ትኩሱ አየር ከራኩ ሳይርቅ እዚያው ይቀዘቅዛል። ሰርቨሩ አይነካም፣ ዋስትናውም አይፈርስም። ከ20 እስከ 50 ኪሎዋት ባለው ክልል፣ በተለይ ነባር ሕንፃ ላይ፣ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው።

ሁለተኛውና ዛሬ ገበያውን የያዘው ኮልድ ፕሌት ነው። በውስጡ ፀጉር የሚያካክሉ ቦዮች ያሉት የመዳብ ሳህን ቺፑ ላይ ይታሰራል፣ ፈሳሽ በቦዮቹ ውስጥ ያልፋል። አየር የሚባለው መሸጋገሪያ ከመንገዱ ወጣ ማለት ነው፤ ቁልቁለቱም ተረፈ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሳህኑ የሚወስደው የሰርቨሩን ሙቀት በሙሉ አለመሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 80 በመቶውን ይወስዳል። የቀረው ከሚሞሪ፣ ከኃይል አቅራቢውና ከኔትወርክ ካርዱ ወደ አየር ይወጣል። በ120 ኪሎዋት ራክ ላይ 20 በመቶ ማለት 24 ኪሎዋት ነው። ይህ ራሱ ድሮ «የታጨቀ» የሚባል ራክ ነው! ፈሳሽ ገባ ብለው የአየር ማቀዝቀዣውን የሸጡ ሰዎች የሚደናገጡት እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው መንከር ነው። ሰርቨሩ እንዳለ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ዘይት ወይም ፈሳሽ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱን መቶ በመቶ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይይዛል፤ ፋንም አያስፈልግም። ጣጣው ጥገናው ላይ ነው። አንድ ሚሞሪ ለመቀየር ዘይት የሚንጠባጠብ ሰርቨር በማንሻ ማውጣት አለ፤ ገንዳውም ከባድ ስለሆነ ወለሉ መፈተሽ አለበት። ፈሳሹ እየፈላ ሙቀት የሚወስድበት ዓይነትም ነበር፤ ማይክሮሶፍት በ2021 በአሜሪካ ኩዊንሲ ሞክሮታል። ነገር ግን ለዚህ የሚያገለግሉ ታዋቂ ፈሳሾችን ያመርት የነበረው የአሜሪካው ኩባንያ ስሪኤም፣ ተፈጥሮ የማታፈርሳቸውን የፍሎሪን ኬሚካሎች ማምረት በ2025 መጨረሻ እንደሚያቆም በታኅሣሥ 2022 አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በሚፈላው መንገድ ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ልብ የሚጠይቅ ሆኗል። ልዩ ምክንያት ለሌለው ሰው ኮልድ ፕሌት ይበቃል ባይ ነኝ።

ፈሳሹ ሰርቨር ላይ ቢያፈስስስ?

የሁሉም ፍርሃት ነው፤ ተገቢም ነው። ለዚህ ነው የሕንፃው ውሃ ቀጥታ ሰርቨር ውስጥ የማይገባው። መሃል ላይ ሲዲዩ የሚባል ፓምፕና ሙቀት ለዋጭ ያለበት ማከፋፈያ ይቆማል። በአንድ ወገን የሕንፃው ውሃ፣ በሌላው ወገን የራኩ ንጹሕ ፈሳሽ ይዞራል፤ ሙቀት እንጂ ፈሳሽ አይለዋወጡም። በራኩ በኩል የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ 25 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበት ውሃ ነው። ግላይኮሉ ባክቴሪያ እንዳይራባ ያግዛል። መጋጠሚያዎቹ ሲነቀሉ ራሳቸውን የሚዘጉ ናቸው። ከቧንቧው ሥር ፍሳሽ ጠቋሚ ገመድ ይዘረጋል።

ከአንድ ትልቅ ፍሳሽ ይልቅ ብዙ ጊዜ ችግር የሚሆነው ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። የኮልድ ፕሌቱ ቦዮች በጣም ጠባብ ስለሆኑ ትንሽ ዝገት ወይም የቧንቧ ሥራ ቅሪት ይደፍናቸዋል። ከ50 ማይክሮን ያልበለጠ ማጣሪያ ያስፈልጋል። አዲስ መስመር ሰርቨር ሳይገናኝበት በፊት በደንብ መታጠብ አለበት፤ ጊዜ የለንም ተብሎ የሚዘለለው ደረጃ ይህ ነው። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ መስመር ውስጥ ካሉ ደግሞ አሉሚኒየሙ በዝገት ይበላል። ፈሳሹንም በየጊዜው ናሙና ወስዶ ማስመርመር ይገባል።

ፈሳሹ ከክፍሉ የጤዛ ነጥብ በታች ከቀዘቀዘ ቧንቧው ላይ ጠል ይቋጠራል። ፍሳሽ ሳይኖር ውሃ ይንጠባጠባል። መፍትሔው ሞቅ ያለ ፈሳሽ መጠቀም ነው።

ሞቅ ያለ ውሃ እንዴት አድርጎ ያቀዘቅዛል?

80 ዲግሪ ለደረሰ ቺፕ 40 ዲግሪ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ከሁሉም የማይታመነው ሐሳብ ይህ ነው፤ ትልቁ ቁጠባ ያለውም እዚህ ነው።

በሙኒክ አቅራቢያ ጋርሺንግ ላይ በ2012 ሥራ የጀመረው ሱፐርኤምዩሲ የተባለው ሱፐር ኮምፒውተር እስከ 45 ዲግሪ በሚደርስ ውሃ እንዲቀዘቅዝ ሆኖ ነው የተሠራው። በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ያለው ሱፐር ኮምፒውተር ፍሮንቲየር በ32 ዲግሪ ገደማ ውሃ ይቀዘቅዛል። ወደ ሰርቨሩ የሚገባው ውሃ 40 ዲግሪ ከሆነ የሚመለሰው 50 ይሆናል። 50 ዲግሪ ውሃን 35 ዲግሪ በሆነ የውጭ አየር ለማቀዝቀዝ ራዲያተርና ፋን ይበቃል። ኮምፕረሰር የለም። ሙቀቱ በራሱ ቁልቁለት ወረደ።

እንግዲህ አንድ ሰው 120 ኪሎዋት የሚያህል ራክ በኮልድ ፕሌት አስገጥሞ፣ ከዚያ «ለጥንቃቄ» ብሎ 12 ዲግሪ ውሃ በቺለር አምርቶ ቢያስገባበት ምን አተረፈ? ማቀዝቀዙን ይችላል፤ ቁጠባው ግን በአብዛኛው ቀረበት። አሽሬ ለፈሳሽ ያወጣቸው ምድቦች በሚገባው ውሃ ዲግሪ የተሰየሙ ናቸው፤ ከ17 ተነሥተው 27፣ 32፣ 40፣ 45 እያሉ ይወጣሉ። ሰርቨር ሲገዛ ይህ ቁጥር ከዋጋው እኩል መታየት አለበት። አዳዲስ ቺፖች ብዙ ዋት በትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያወጡ ሁሉም በ45 አይሠሩም። የሚችሉትን ግን በ20 ማሠራት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ፒዩኢ ስንት ቢሆን ነው ጥሩ?

ፒዩኢ ማለት ሕንፃው በጠቅላላ የሚወስደው ኃይል ለኮምፒውተሮቹ ብቻ ለሚሄደው ኃይል ሲካፈል ነው። 1.0 ፍጹም ነው። 2.0 ማለት ለእያንዳንዱ የሰርቨር ኪሎዋት ሌላ አንድ ኪሎዋት ለማቀዝቀዣና ለሌላው ይሄዳል። የዳታ ሴንተሮችን አሠራር የሚያጠናው አፕታይም ኢንስቲትዩት በየዓመቱ በሚያደርገው ጥናት አማካዩ ለዓመታት ከ1.55 እስከ 1.6 መካከል ቆሟል። ጎግል ለ2024 የዘገበው አማካይ 1.09 ነው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው ማቀዝቀዣ በጣም ቀልጣፋ በሆኑ ግዙፍ ማዕከላት የፍጆታውን 7 በመቶ ገደማ ሲወስድ፣ ቅልጥፍና በጎደላቸው ከ30 በመቶ በላይ ይወስዳል።

ግን ይህን ቁጥር በጭፍን አይመኑት፤ በተለይ ወደ ፈሳሽ ሲሄዱ። ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፋን «የኮምፒውተር ኃይል» ተብሎ ይቆጠራል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሰርቨሮቹ 1000 ኪሎዋት ይወስዳሉ፣ ከዚህ 100ው የፋን ነው። ማቀዝቀዣውና ሌላው 300 ይወስዳል። ጠቅላላ 1300፣ ፒዩኢ 1.30። አሁን ኮልድ ፕሌት ገባ፤ ሰርቨሮቹ 920 ሆኑ፣ ሌላው 285። ጠቅላላ 1205። ፒዩኢው ደግሞ 1.31 ሆነ! ሂሳቡ በ95 ኪሎዋት ወርዶ ሪፖርቱ ግን «ተባባሰ» ይላል። አለቃዎ የሚያየው ፒዩኢውን ብቻ ከሆነ ይህን ቀድመው ያስረዱት። ፒዩኢ አንድን ሕንፃ ከራሱ ካለፈው ዓመት ጋር ለማወዳደር ይጠቅማል። የበጋንና የክረምትን፣ የባዶና የሞላ ሕንፃን ቁጥር ማነጻጸር ግን ትርጉም የለውም። የጥር ወር ፒዩኢ ብቻ የሚያሳይ ሻጭ ካጋጠመዎ የሙሉ ዓመቱን ይጠይቁት።

ዳታ ሴንተር ውሃ ይጨርሳል የሚባለው እውነት ነው?

እንደ አሠራሩ ነው። ኩሊንግ ታወር ሙቀትን የሚጥለው ውሃ በማትነን ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ለመጣል 1.5 ሊትር ያህል ውሃ ይተንናል። አንድ ሜጋዋት በዚህ መንገድ ብቻ ቢጣል በቀን 36000 ሊትር ገደማ ነው፤ ጨውና ቆሻሻ እንዳይከማች የሚደፋው ሳይጨመር።

ችግሩ ማትነን መብራት መቆጠቡ ነው። ውሃውን ሲተዉ መብራቱ ይጨምራል፣ መብራቱን ሲቆጥቡ ውሃው ይሄዳል። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው ከላይ የተባለው ሞቅ ያለ ውሃ ነው፤ 50 ዲግሪ ለሆነ ውሃ ደረቅ ራዲያተር ይበቃል። ማይክሮሶፍት በ2024 ለማቀዝቀዣ ውሃ የማያተን፣ አንዴ የተሞላውን ውሃ እያዞረ የሚጠቀም ንድፍ ይዞ እንደሚሠራ አስታውቋል። ውሃ በሚያጥርበት አካባቢ ፒዩኢው ትንሽ ቢጨምርም ደረቁን መምረጥ ይሻላል። መብራት ከሩቅ ሊመጣ ይችላል፤ ውሃው ግን የጎረቤት ነው።

ዳታ ሴንተሩ ከፍታ ቦታ ላይ ከሆነስ?

አየሩ ይሳሳል። በ2000 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ያው ፋን በያው ፍጥነት ያነሰ ሙቀት ያወጣል። አሽሬም ለተለመዱት ምድቦች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን ከፍተኛ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ ይቀንሳል። የማቀዝቀዣ ካታሎግ ላይ የተጻፈው አቅም ለባሕር ጠለል ስለሆነ አምራቹን ለከፍታው የተስተካከለ ቁጥር ይጠይቁ። በሌላ በኩል ደጋ ብርድ ስለሆነ በውጭ አየር የሚሠራበት ሰዓት ይበዛል። ውሃ የሚሸከመው ሙቀት ግን በከፍታ አይቀንስም። ይህም ሌላ የፈሳሽ ነጥብ ነው።

ብርድ አገር ወስዶ መሥራት አይሻልም?

ለአንዳንድ ሥራ ይሻላል። ጎግል በፊንላንድ ሃሚና የድሮ የወረቀት ፋብሪካ ገዝቶ በባሕር ውሃ ያቀዘቅዛል። ማይክሮሶፍት ከ2018 እስከ 2020 በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች አጠገብ 864 ሰርቨሮችን ባሕር ሥር አስቀምጦ ሞክሯል፤ የተበላሹት ሰርቨሮች ከየብሱ ያነሱ ነበሩ። ሥራው ግን አልቀጠለም። ለብዙ ሰው ዳታ ሴንተር የሚሠራው ተጠቃሚው፣ ሕጉና መብራቱ ባሉበት ስለሆነ ብርዱን ፍለጋ መሰደድ አማራጭ አይደለም።

የሚወጣውን ሙቀት መልሶ መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል፤ ሙቀቱ በቂ ዲግሪ ካለውና ቅርብ ገዢ ካለ። በፊንላንድ ካያኒ ያለው ሉሚ ሱፐር ኮምፒውተር የከተማዋን የቤት ማሞቂያ ፍላጎት 20 በመቶ ያህል ሊሸፍን እንደሚችል ተነግሮለታል። በአየር የሚቀዘቅዝ ክፍል የሚያወጣው 35 ዲግሪ አየር ለዚህ ደካማ ነው፤ 50 ዲግሪ ውሃ ግን ሸቀጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የኢነርጂ ቅልጥፍና መመሪያ ከ1 ሜጋዋት በላይ የሆኑ ዳታ ሴንተሮች፣ በቴክኒክ ወይም በወጪ የማይቻል ካልሆነ በስተቀር፣ ትርፍ ሙቀታቸውን እንዲጠቀሙበት ይጠይቃል። የቤት ማሞቂያ መስመር በሌለበት ከተማ ግን ግሪን ሃውስ ወይም ማድረቂያ ካልተገኘ ነገሩ ወረቀት ላይ ይቀራል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት መቆጣጠር ያዋጣል?

ጎግል በ2016 የዲፕማይንድን ሥርዓት ተጠቅሞ ለማቀዝቀዣ የሚሄደውን ኃይል እስከ 40 በመቶ እንደቀነሰ አስታውቋል። ያ ግን በሺህ የሚቆጠር ሴንሰር ያለው ቦታ ነው። ግማሹ ሴንሰር የተሳሳተ ቁጥር በሚናገርበት ክፍል ሶፍትዌሩ ስህተቱን በፍጥነት ይደግመዋል እንጂ አያርመውም። መጀመሪያ ሴንሰሮቹን ያስተካክሉ።

ማቀዝቀዣው ቢቆም ስንት ደቂቃ አለኝ?

በድሮው ክፍል ደቂቃዎች ነበሩ። በታጨቀ ራክ ሰከንዶች ናቸው። 100 ኪሎዋት ራክ ያለበት መስመር ውስጥ 50 ሊትር ፈሳሽ እየዞረ ሳለ ሙቀቱን የሚጥለው ወገን ቢቆም፣ ፈሳሹ በየሰከንዱ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። በ20 ሰከንድ 10 ዲግሪ ማለት ነው። ፓምፑ ራሱ ከቆመ ቺፑ ወዲያው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከዚያ ይጠፋል። ስለዚህ የሲዲዩ ፓምፖች ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚተካ ባለባትሪ መሣሪያ) ላይ መሆን አለባቸው። ጄነሬተር እስኪነሳ መጠበቅ አይሆንም። በሕንፃው በኩል የውሃ ማጠራቀሚያ ታንክ መጨመር ጥቂት ደቂቃ ይገዛል።

ለከባዱ ቀንም ማሰብ ያስፈልጋል። ሐምሌ 2022 ለንደን ከ40 ዲግሪ በላይ ስትደርስ የጎግልና የኦራክል ማዕከላት ማቀዝቀዣ ሸክሙን አልቻለም፤ አገልግሎትም ተቋረጠ። የውጭ ማቀዝቀዣ ሲመረጥ ያለፉት ዓመታት አማካይ ሙቀት አይበቃም።

ሻጭ ሲመጣ ምን ልጠይቀው?

መሣሪያው በስንት ዲግሪ ውሃ ሙሉ አቅሙን እንደሚሰጥ ይጠይቁ። «30 ዲግሪ ይችላል» ካለ ቺፑ በዚያ ዲግሪ ፍጥነቱን ይቀንስ እንደሆነ በጽሑፍ ያምጣ። ከሙቀቱ ስንት በመቶው በፈሳሽ፣ ስንቱ በአየር እንደሚወጣ ይናገር፤ የአየሩንስ ማን ያነሳዋል? ሸክሙ ከሙሉው 30 በመቶ ብቻ ሲሆን ማሽኑ ስንት ኪሎዋት እንደሚበላ ይጠይቁ፤ አዲስ ሕንፃ ለዓመታት የሚሠራው በግማሽ ጭነት ስለሆነ በሙሉ ጭነት የታየ ቅልጥፍና ብዙም አይረባም። ፈሳሹን ማን ያቀርባል፣ ማንስ ይመረምረዋል? ፍሳሽ ደርሶ ሰርቨር ቢበላሽ የሰርቨሩ አምራች ነው ተጠያቂው ወይስ የቧንቧው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ስብሰባውን ያስረዝመዋል። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይርዘም።